አንዲት ድምፅ ለተወዳዳሪ

ከዳውንታውን ወደ ዋይትሆል በሚሄደው ባስ ውስጥ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ። ማስክ ስላደረግኩ ነው መሰለኝ፣ ሀበሻ መሆኔን አላወቁም።

«ልጄ ለተማሪዎች ካውንስል ተወዳድራ ነበር፣ ጋሼ።»

«አሸነፈች?»

«ከአንድ ልጅ ጋር እኩል ድምፅ አገኙ። ዓርብ ይደገማል።»

«ጎበዝ ናት! ታዲያ ምን አስከፋሽ?»

«የራሷን ድምፅ ለማን እንደሰጠች ያውቃሉ? ለልጁ!»

«ለተወዳዳሪዋ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ራስን መምረጥ ነውር ነው፣ ሰው ይምረጥሽ ብያት ነበር። እሱ እቴ፣ ራሱን መርጦ ቁጭ!»

«በኛ ጊዜ ምርጫ የት ነበር? እኔን አስተማሪው ቁመቴን አይቶ የክፍል አለቃ አደረገኝ። ሥራዬ የረባሽ ስም መጻፍ ነበር።»

«እኔ ብሆን በየቀኑ ይጽፉኝ ነበር።»

«ከሁሉም የባስኩት ረባሽ እኔው ነበርኩ። የራሴን ስም አንድም ቀን አልጻፍኩም።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ታዲያ አሁን ምን ልበላት?»

«ስፒች ታደርጋለች?»

«አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ መስታወት ፊት ቆማ ፕራክቲስ እያደረገች ነው።»

«እንግዲያው ‹ምረጡኝ ስትዪ፣ ከመራጮቹ አንዷ አንቺ ነሽ› በያት።»

«ይሉኝታዋስ?»

«እሱን ቤት ትታው ትሂድ። እንግዳ ሲመጣ ይሆናታል።»

እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን ለሚደረገው የኮሚቴ ምርጫ ዕጩ ነኝ፤ ራሴንም ልመርጥ አስቤያለሁና፣ ማስኬን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።