የኦቲልያ ዘንቢል

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ትላሂያኮ ገበያ ጥግ ካለው ትልቁ ሱቅ ስወጣ ሽማግሌውን ዶን ፊደንሲዮን በሩ ላይ አገኘኋቸው። ቲማቲሙን በባርኔጣቸው ይዘው፣ እንቁላሉን በደረታቸው አቅፈው፣ ቃሪያውን ኪሳቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ይንገዳገዳሉ። ሱቁ ፌስታል መስጠት ካቆመ ወር ሆኖታል። እኔ መምህር ነኝና ምክር አያልቅብኝም፤ ግን የጎረቤታቸው ልጅ ሮሳልባ ቀደመችኝ። ከተማ ተምራ የተመለሰች ነርስ ናት።

«አባባ፣ ምን ጉድ ነው? ዘንቢል የለዎትም እንዴ?»

«አለኝ። እናንተ የተማራችሁ ግን ፌስታል ምን በደላችሁ? ባለሱቅ ድሮ አክብሮ ጠቅልሎ ነበር የሚሰጠው። አሁን ታቅፈህ ሂድ! ይሄ ነው ስልጣኔ?»

«ባለፈው ክረምት ጎርፉ ቤትዎ የገባው ለምን ሆነና? ቦዩን የደፈነው ፌስታል ነው። በገዛ እጄ እየጎተትኩ አውጥቼዋለሁ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ ሳይወዱ።

«ታዲያ ዘንቢሉን ለምን አይዙም?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «የባለቤቴ የኦቲልያ እኮ ነው። ከመሞቷ በፊት መጨረሻ ከዘንባባ የሠራችው። ገበያ ስትሄድ እንኳ እየተራመደች ነበር የምትሠራው፤ ጣቷ አያርፍም። ይዤው ወጥቼ ቢበጠስብኝስ? ሌላ ማን ይሠራልኛል? ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጄ፤ ናፍቃኛለች። ምሳዬን እንኳ ወደ ዘንቢሉ ዞሬ ነው የምበላው።»

ምክሬን ትቼ እንቁላሉን ተቀብያቸው ሦስታችንም ቤታቸው ሄድን። ዘንቢሉ ከምድጃው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሮሳልባ ቀስ ብላ ስታወርደው ማንገቻው ቀጭ አለ።

«አንቺ ልጅ! ገደልሽብኝ!»

«ይቅርታ፣ አባባ። ግን የሰበረው ድርቀት ነው። እናቶቻችን ዋሻ ገብተው ዘንቢል የሚሠሩት ዘንባባው እርጥበት እንዲያገኝ አይደል? እርስዎ ደግሞ እሳት ላይ ሰቀሉት! እማማ ኦቲልያ ለገበያ እንጂ ለምስማር አልሠሩትም።»

እኔም አፈርኩ፤ የአባቴን ካፖርት እንዲሁ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ብል በልቶታል።

ሮሳልባ ዘንቢሉን ውሃ አርከፈከፈችበት፣ በእርጥብ ጨርቅም ሸፈነችው። ሲለሰልስ ማንገቻውን በዘንባባ ልጥ አሰረችና ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ዘንቢሉ ውስጥ ቀበሩ። አሸተቱት።

«መጣች» አሉ። «እጇ እንዲህ ነበር የሚሸተው፣ እርጥብ ዘንባባ! ሦስት ዓመት ሰቅዬው አንድም ቀን አልሸተተኝም።» ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኛም አላስቻለንም።

ከዚያ ወዲህ ዶን ፊደንሲዮ ዘንቢላቸውን አርጥበው ሳይዙ ሱቅ አይሄዱም። የገበያ ሴቶች «ይሄ የኦቲልያ እጅ ነው!» እያሉ ይዳስሱታል፣ ስለ እሷ ያወሩላቸዋል፣ ምርቃትም ይጨምሩላቸዋል። ባዶ እጁን የመጣውን ሰው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡታል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዘንቢል ይዞ መውጣት ቦዩን ከመደፈን፣ ቤትን ከጎርፍ ያድናል፤ የሠሪዋም ሙያ አይረሳም።

ትናንት ሱቅ በር ላይ አግኝቻቸው «ዘንቢሉ ካረጀብዎትስ?» አልኳቸው።

«ያርጅ!» አሉ። «እኔስ ከማርጀት መች ቀረሁ? አብረን ገበያ እየወጣን እናርጅ።»