ከሺው ለውጥ የትኛው?

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚያጉረመርመውን ወጣት ጠየቁት።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩበትን ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ስናድሰው፣ ድራይቨሩ፣ ማለትም ከኔትወርክ የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ መነሣት አቆመ፤ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ኮምፒውተር ሁሉ ኔትወርክ አጣ። ከድሮው እስከ አዲሱ ሰዎች ያስገቡት ሺህ ለውጥ አለ፤ አንዱ ነው ያበላሸው።»

«አንድ በአንድ ልታየው?»

«አይ፣ መሃሉን እሞክራለሁ። እሱ ከሠራ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ ነው። የቀረውን ደግሞ ለሁለት እከፍላለሁ።»

«እኛም ቧንቧ ሲደፈን መሃሉን ነው የምንቆፍረው። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የከረምኸው?»

«እርስዎ ደግሞ!» ብሎ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። ዳንግላ ልንደርስ ስንል «አገኘሁት!» አለ።

«ያበላሸው ሰው ስሙ አልተጻፈም?»

«ተጽፏል።»

«ማን ይባላል?»

«የኔው ነው አባባ፤ አምና አስተካከልሁ ብዬ የላክሁት።»

«እሰይ! ሩቅ ሳይሄድ ተያዘ።»

ጎረቤቴን ልከስበት የጻፍሁትን ማመልከቻ ከኪሴ አውጥቼ እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርሁ።