የድመቷ ማሳከክ መነሻ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በምትወርድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ነኝ። አንዲት ወጣት ሴት ፊት ለፊቷ ለተቀመጡ ሽማግሌ የድመቷን ሕመም ትነግራለች። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያክሙ የኖሩ ናቸው።

«ስታክክ ነው የምትውለው። ሆዷንም እየላሰች ጸጉሯን ጨረሰችው።»

«ቁንጫ ይሆናል።»

«ወላሂ፣ ፈልጌ አጣሁ።»

«ጆሮዋስ?»

«ፍም መስሏል።»

«ምግብ ትበላለች?»

«ከእኔ በላይ!»

«እንግዲያው ቤት ውስጥ ያልተስማማት ነገር አለ። አንድ በአንድ እያወጣሽ ማየት ነው።»

«ምንጣፉን አወጣሁ፣ ብርድ ልብሱን አወጣሁ፣ ሥጋም ከለከልኳት። የቀረው ባለቤቴ ነው።»

«ባለቤትሽ?»

«ከተጋባን ወዲህ ነው የጀመራት። ቀበሌ ስብሰባ ውሎ ሲመጣማ ይብስባታል።»

«ይቺን እንኳ ቀስ ብለሽ አውሪያት፣ ልጄ። ታዲያ አሁን ድመቷን ሐኪም ልታሳዪ ነው?»

«ድመቷማ ቤት ናት፣ አባቴ። እሱን ነው ለሁለት ሳምንት እናቱ ጋ ላስቀምጠው የምወርደው።»

ከጎኗ ሻንጣ አቅፎ የተቀመጠው ጎልማሳ አንገቱን ሲያክክ አየሁና እኔም ክንዴን ማከክ ጀመርኩ።