ከኩላሊት በላይ

ቄስ ወልደ ጻድቅ ከመሐል ሜዳ ገበያ ሲመለሱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ከነርሷ ከፀጋ ጋር ተገጣጠሙ። ፀጋ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ልጃቸውን አስካለ ማርያምን ደብረ ብርሃን ወስዳ ያሳከመቻትም እሷ ናት።

«እንደምን ዋሉ አባ? አስካለስ?»

«ተመስገን፣ በርትታለች። ቆይ ግን ኩላሊቷን ምን አገኘው?»

«ኩላሊቷስ ደህና ነው። ችግሩ ቆቡ ነው።»

ቄሱ ክው አሉ። «ቆብ? ማን ጫነላት? ለካ ባል አልፈልግም የምትለው ልትመነኩስ ኖሯል!»

ፀጋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ኧረ እሱን አይደለም አባ! በየኩላሊታችን አናት ላይ ቆብ የመሰለች ትንሽ ዕጢ አለች። የአስካለ ዕጢ የውጭ ቅርፊቷ ሥራ አቁሟል።»

«እፎይ! እንግዲያ ቀላል ነው። ነገ ፍልሰታ ይገባል፤ የታዘዘላትን ክኒን ጾሙ እስኪፈታ ታቆየዋለች። ጠዋት ከምግብ ጋር ዋጪ እያላችሁ ጾሟን ልታስገድፏት!»

ፀጋ ድምጿን ከፍ ማድረግ አይሆንላትም። ቀስ ብላ፣ «ካቆመች ትሞትብዎታለች» አለች።

«በአንዲት ፍሬ ዕጢ?»

«ጓሳ ላይ ጅብ ድንገት ቢገጥምዎ ልብዎ ይመታል፣ እግርዎ ይፈጥናል። ተነስ ብሎ የሚቀሰቅሰው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ከዕጢዋ እምብርት በደም ይላካል። ከቅርፊቱ ደግሞ ኮርቲሶል ይመጣል። ስንራብ፣ ስንታመም ሰውነት ያስቀመጠውን ስንቅ ያስወጣል። እሱ ከሌለ እንኳን ጾሙን ጉንፋኑንም አትችለው።»

«ሌላስ አለ?» ቄሱ ሳይታወቃቸው ተጠጉ።

«አልዶስትሮን አለ። ጨው በሽንት እንዳይባክን ይይዛል። ሲጠፋ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው እንደቆመ ይወድቃል።»

ቄሱ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። አስካለ ከመታከሟ በፊት የበጎቹን አሞሌ ተደብቃ ስትልስ አይተዋት፣ ዛር ነው ብለው ለማንም አልተነፈሱም ነበር።

«ልጄ፣ ይህ በሽታ ጨው... ያስልሳል?»

«ያስልሳል። ሰውነቷ የጎደለውን ሲጠይቅ ነው። ፊቷ መጥቆሩም ከዚሁ በሽታ ነው።»

«አቤት ያንተ ሥራ! ፈጣሪ ኩላሊትን ይመረምራል እያልን ስናስተምር ኖረን፣ ከበላዩ ይህን የመሰለ ጥበብ ማስቀመጡን የነገረን የለም።»

«የታመመ እንዳይጾም የሚፈቅዱትስ እርስዎ አይደሉም?» አለች ፀጋ መሬት መሬት እያየች።

«ነኝ እንጂ። ለሰው ልጅ ስፈቅድ ኖሬ ለራሴ ልጅ ልነፍጋት!»

ሰው የማያውቀውን በቅንነት ከጠየቀ፣ መልሱ ከታናሹም ቢመጣ አያፍርበትም። ቄሱም ሐኪሞቹ የሰጡትን ምክር አስደገሟት፦ ክኒኑ በየቀኑ ሳይቋረጥ፤ ትኩሳት ወይም ትውከት ከያዛት መጠኑ ስለሚጨመር በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ። እንዲህ ከተጠነቀቀች እንደ እኩዮቿ ትሠራለች፣ ከፈለገችም ታገባለች፣ ትወልዳለች።

በማግስቱ ጠዋት ቄስ ወልደ ጻድቅ ቅዳሴ ከመሄዳቸው በፊት የገብስ ቂጣና ውሃ በእጃቸው አቀረቡላት። አስካለ ማርያም በላች፤ ክኒኗንም ዋጠች።