ከሰል የተሰመረበት እንቁላል

ማን ጮኸ? እኔ? ... ኧረ አጎቴ ሆክ፣ እኔ ጩኸት መቼ እችልበታለሁ! ከሰሉ ሲንጣጣ ድምፄ እንዳይጠፋ ብዬ ትንሽ ከፍ አደረግኩት እንጂ። ይቀመጡ፣ ወንበሩን ጠርጌዋለሁ። ጉልበትዎ እንዴት አደረ? የሰሞኑ ዝናብ አላሳመመዎትም? ... እሰይ። የልጅ ልጅዎስ ጥርስ አወጣች? ... ሁለት! ውይ፣ የኔ ቆንጆ።

አይ፣ አልተጣላንም። ምን ያጣላናል? በጠዋቱ፣ በሻይ ቤቱ ባለቤት በእርስዎ ፊት መጣላት ነውር ነው። ያውም ዛሬ! ከሁለቱ የኑድል ጋሪዎች የትኛው እዚህ ጥግ እንደሚቀር፣ የትኛው ደግሞ እንደሚወጣ ሊነግሩን ባሉበት ቀን! እብድ ነኝ እንዴ? ማማሰያው ከእጄ አምልጦ ነው መጥበሻውን የመታው። ሦስት ጊዜ አመለጠኝ... እጄ አርጅቶ ይሆናል።

አንድ ሳህን ልጥበስልዎ? ግን ይታገሱኝ፤ እኔ የምጠብሰው አንድ አንድ ሳህን ነው። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። አባባ እንደዚያ አሳየኝ፤ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው። አንዳንድ ሰው ግን ብልህ ነው። ስም አልጠራም፣ ስም ምን ያደርጋል? የእሱ አባትና የእኔ አባት አንድ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ብዙም አላውቀውም። በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ሳህን! ኑድሉን በባልዲ ገልብጦ እንደ ሲሚንቶ ሲያቦካው ክንዱ እንዴት ያምራል! እኛ ከሰል ስናራግብ ዓይናችን ጠፋ። እሱ ጋዙን ጠምዘዝ፣ ጓንቱን ሳብ... አንዲት ጠብታ ላብ የለችም። ንጹሕ ሰው ነው። ምግቡም እንደ እሱ ንጹሕ ነው... ምንም ነገር አይሸትም።

ዞር ይበሉልኝ፣ ስቡ ይፈናጠራል።

ማስታወቂያውንስ አዩት? የአባባን ፎቶ በር አሳክሎ ሰቅሎታል። ከሥሩ «ከአባት ወደ ልጅ» የሚል በወርቅማ ቀለም ተጽፎበታል። የትኛው ልጅ እንደሆነ አልተጻፈም... ቦታ አንሶት ይሆናል።

እንቁላልዎን ይስጡኝ እንግዲህ። ... የለም? እንዴት የለም? ቅድም ሲገቡ እንደ ወትሮው የዳክዬ እንቁላልዎን በመዳፍዎ ይዘው አየሁ እኮ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የራስዎን እንቁላል ከቤት እያመጡ... አሃ። እዚያ ሰጡት። ... ደግ አደረጉ፣ ዳኛ ሁለቱንም ቀምሶ ነው የሚፈርደው። ታዲያ ጣፈጠ? ... ምን? የዶሮ ነበር? ... አይ አጎቴ፣ ምላስዎ ተሳስቶ ይሆናል። ያን የመሰለ ጥንቁቅ ሰው እንቁላል ያምታታል እንዴ? እዚያ በሩ ጋ ፎቶ የሚያነሳው ፈረንጅ ሳህን ላይ ያለው እንቁላል፣ ያ አስኳሉ እንደ ብርቱካን የቀላው፣ ከየት መጣ አልልም። የፔናንግ ዶሮዎች እንደ ዳክዬ መጣል ጀምረው ይሆናል። እኔ እኮ በትሕትና ነው የጠየቅኩት። «የአጎቴ ሆክን እንቁላል ለማን ሰበርከው?» አልኩ። ይህ ጥያቄ ነው እንጂ ጠብ ነው? ከዚያ ማማሰያው አመለጠኝ።

ግድ የለም፣ ለራሴ ምሳ ያስቀመጥኳት አንድ የዳክዬ እንቁላል አለች። ... ኧረ እኔ ዛሬ አልራበኝም።

ቅርፊቱ ግን ያምር ነበር አይደል? ከሳህንዎ ጎን ያስቀመጠልዎ፣ አበባ በከሰል የተሳለበት? አዎ... ከቴሌቪዥን የመጡት ልጆች ስለ እሱ ሲጠይቁት እኔ እዚሁ ቆሜ ነበር። «አባቴ እያንዳንዱን እንቁላል በከሰል እየባረከ ነበር የሚሰብረው» አላቸው። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ያን ሁሉ ዓመት አባባ ጎን ስቆም እኔ ያየሁት እኮ ሌላ ነው። አንድ መስመር፣ መጀመሪያ የመጣው ሰው እንቁላል። ሁለት መስመር፣ የሁለተኛው። ክብ ደግሞ የእርስዎ፤ ኑድሉ ውስጥ የሚገባውን የዛጎል ሥጋ ስለማይበሉ። የአንዱ እንቁላል ለሌላው እንዳይሰበር ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም... ብዬ አስብ ነበር። ለካስ በረከት ነው! ቅርብ ስለነበርኩ አልታየኝም። እሱ ኳላ ላምፑር ሆኖ አየው። እንዴት ያለ ዓይን ነው!

የባቄላ ቡቃያው ገባ... ሽሪምፑ ገባ... ይኸው፣ ሽታው መጣ። ይሸትዎታል?

እኔ ጥጉን ለእኔ ይስጡኝ አልልም። አላልኩም፣ አልልምም። ከዚህ ብወጣ ጋሪውን የምገፋበት ሌላ ጥግ የለኝም፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቴም ሌላ ሙያ የሚያስተምረኝ አይገኝም። ግን ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው። እርስዎ ለቤትዎ የሚበጀውን ያድርጉ። እሱ ጋ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፈረንጁ ብዙ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት አክስቴ ፒክና የመርከብ ጠጋኞቹ ናቸው። ደግሞ ሁሉም የየራሳቸውን እንቁላል ይዘው... ፎቶም አያነሱ፣ ዝም ብለው በልተው ይሄዳሉ። ምን ይጠቅማሉ?

ይብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ። ሎሚ ልጭመቅበት?

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ ሰው በሌለበት ማመስገን ደስ ይለኛል። ... አለ እንዴ? ይሰማል? እንግዲያው ይስማ፣ ምስጋና አይደብቁትም። አባቱን ይወዳል። ፍቅሩ ጥልቅ ነው፤ በጣም ጥልቅ ስለሆነ ነው የማይታየው። አባባ ግማሽ አካሉ ደርቆ ሦስት ዓመት ሲተኛ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ለምን? ልቡ ስስ ነው፤ አባቱን በዚያ ሁኔታ ማየት አይችልም። በስልክ ነግሮኛል። እኔ ልበ ደንዳና ስለሆንኩ ነው የቻልኩት። ጠዋት አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ገንፎውን በማንኪያ አጎርሳለሁ፣ ከዚያ መጥቼ እሳት አነዳለሁ። አባባ አንደበቱ ተይዞ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶለት ነበር፤ የሰው ስም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያንን ስም ይጠራል... የእኔ ስም አልነበረም። ጎረቤት ስትመጣ ይጠራል። ፖስተኛ ሲመጣ ይጠራል። እኔ እየከፈትኩ «አይደለም አባባ» እላለሁ። «ነገ» እላለሁ።

በቀብሩ ማግስት ግን መጣ፣ አይካድም። ፎቶውን ሊወስድ። ጥሩ ፎቶ ነው እኮ፤ አባባ እዚያ ላይ ጤነኛ ነው፣ ይስቃል። መገላበጥ አይፈልግም፣ መታጠብ አይፈልግም። እንደዚያ ያለ አባት ለማንም ይመቻል።

... ምነው እዚያ ጋ ጭር አለ?

ጋዙን አጠፋው እንዴ? ሰልፉ ቆሞ? ... ሽርጡን እየፈታ ነው። አይዩት አጎቴ፣ ሰው ሲያየው ያፍራል፤ ዓይን አፋር ነው። እርስዎ ይብሉ። ... ኧረ እየሄደ ነው! እርስዎ ገና ሳይፈርዱ? ምን ብዬው ነው? አጠገቤ ነበሩ፣ ምስክሬ እርስዎ ነዎት፤ ከምስጋና ሌላ ምን ወጣኝ? «ደህና ዋሉ» እንኳ ሳይል... ስስ ነው አላልኩዎትም?

በሉ ባዶ እጁን አይሂድ፣ ልመርቀው። ገና መሻገሪያው ጋ ነው፤ ከፍ ካደረግኩት ይሰማኛል። ... ሰማይ ዕድሜ ይስጠው! ጋሪው በአሥር ከተማ ይቁም፣ ሰልፉ አይቋረጥ፣ ስሙ በቴሌቪዥን ይጠራ! ጸጉሩ እስኪሸብት ይኑር! ብቻ እግሩ አልታዘዝ ሲለው፣ አልጋ ላይ ውሎ በሩን በሩን ሲያይ... ሰማይ ልጅ አይንፈገው! ሌላ እንዳይመስል፣ ቁርጥ እሱን የሆነ ልጅ ይስጠው!