«መጣብኝ» ሲል ማን ይነሳል?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሥራ ጎረቤቶቿ፣ ልብስ ልታሰፉ መጥታችሁ ወሬ ስትሰሙ የምትውሉ ደንበኞቿ ሁሉ፣ ስለመጣችሁላት ምስጋናዬ ብዙ ነው። ዛሬ የያዘኝ ኀዘን ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ። እናንተም ፈርታችኋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሣጥኑን ትታችሁ ወንድሟን በጎን ስታዩ አይቻችኋለሁ።

ወንድሟን ከዕፅ ሱስ ያወጣችው እሷ ናት። ዛሬ እሷን ልንቀብር ነው። ታዲያ ሱሱ ሲመጣበት ማን አለው?

ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዬ እሱን መርዳት ስትጀምር አላወቀችበትም ነበር። ታስታውሳላችሁ? ኪኒን እንዳይደብቅ የሱሪዎቹን ኪስ ሁሉ ሰፍታ ዘጋችበት! ሰውየው ቁልፉንና መታወቂያውን በእጁ ይዞ ሰፈሩን ሲዞር «ምነው፣ ኪስህ አኮረፈህ እንዴ?» ያላለው አልነበረም። በሳምንቱ ኪኒኑ ከካልሲው ወጣ። «እኔ ኪስ ስሰፋ፣ ለካ እግርም አለው!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ያቀናቻት ወንድሟ የሚታከምበት የሱስ ሕክምና ማዕከል ነርስ ናት። «እህቱ ነሽ ወይስ ዘበኛው?» አለቻት። በቃ። ጓደኛዬ የኪሶቹን ስፌት በምላጭ ፈታችው። ሁለተኛውን ስፌት መኪና አጽድታ እሱ እንዲሠራበት ትይዩዋ አስቀመጠችው። ውል ገቡ፤ ሱሱ ሲቀሰቀስበት «መጣብኝ» ይላል፣ እሷ የያዘችውን ሥራ ትታ ትነሳለች፣ እስኪያልፍለት አብረው ይራመዳሉ።

አንድ ቀን እኔም ነበርኩ። የሙሽራ ቀሚስ መርፌው ሥር ነው፤ ሙሽሪት መጋረጃ ጀርባ በውስጥ ልብስ ቆማለች። «እታለም፣ መጣብኝ» አላት። ተነሳች።

«የኔስ ቀሚስ?!» ጮኸች ሙሽሪት።

«ቀሚስሽ ይጠብቅሻል እናቴ፤ ይሄ ግን አይጠብቅም።»

አርባ ደቂቃ! ሙሽሪትን በወሬ ያቆየኋት እኔ ነኝ፤ ያውም የማላውቀውን ሁሉ እያወራሁ። ሲመለሱ ሁለቱንም ላብ አጥምቋቸዋል።

ካቆመ በአሥራ አንደኛው ወር ተመልሶ ኪኒኑ ላይ ወደቀ። አጎቱ «አልነገርኳችሁም? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» አሉ። እሷ ምን አለች? «አጎቴ፣ ሲወድቅ ቆሞ የሚያየውማ መንገደኛ ሞልቷል። እስቲ አንድ እጁን ይያዙልኝ።» ያዙላት። አይሸሽጉ አጎቴ፣ እርስዎም ጉልበትዎን እየረገሙ ብዙ ዙር ተራምደዋል። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።

ትናንት ረፋዱ ላይ ልቧ ቀጥ አለ። ስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ያገኛት እሱ ነው። እኛስ ምን አደረግን? አክስቱ የወገቧን ማስታገሻ ኪኒን እንዳይወስድባት ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠች። እኔ ወዳጅ ተብዬዋ፣ ዛሬ ጠዋት ሊያቅፈኝ ሲመጣ ቦርሳዬን ወደ ብብቴ ሳብኩ። አየኝ።

«ያዢው እትዬ፣ አልቀየምም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግን ከዚህ ስንመለስ ብቻዬን ወደ ቤት አልገባም። ፈርቻለሁ።»

ሰማችሁ? ድሮ ሲፈራ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ሲፈራ ተናገረ። የነገረው ግን ቦርሳዋን ለሸሸገችበት ሴት ነው። ሌላ ማን አለው?

አጎቴ፣ ጠዋት ጠዋት እርስዎ። አክስት፣ ምሳ ሰዓት አንቺ። ከሰዓት እኔ። ይበቃዋል? አላውቅም። እናውቅበታለን? እሱንም አላውቅም።

እህቴ፣ «አታስቢ» ብዬ ብሸኝሽ ደስ ባለኝ፤ መቃብር አፋፍ ላይ ግን አይዋሽም። አንቺም ትፈሪ ነበር። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅትሽ አይቻለሁ። እየፈራሽ ነበር የምትነሺው። እንግዲህ አንቺ ተቀመጪ፤ እስከ ዛሬ የተነሳሽው ይበቃል። አፈሩ ይቅለልሽ።

ብዙ የምለው ነበረኝ። ይቅር በይኝ፣ ወንድምሽ ብቻውን ወደ መውጫው በር እየሄደ ነው። ልድረስበት።