ያላዩትን ጻፉ፣ ያየሁትን ካድኩ

ክቡራትና ክቡራን፣

ጓድ መርጋ፣ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤ ይህን ዝግጅት ያሰናዳችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ከጉደርና ከእጃጂ ድረስ ጭቃ ረግጣችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ቡሉኮውም አመሰግናለሁ። እንደ ተሰጠኝ ቶሎ የደረብኩት በርዶኝ አይደለም። ንግግሬን ስትሰሙ ሐሳባችሁን እንዳትቀይሩ ብዬ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ትንሽ ቆይታችሁ አትስቁም።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ አመስግነውኛል። ጓድ መርጋ እንዲያውም «ኦቦ ቱፋ በአሥራ አምስት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ቀን ሲዋሽ ያልሰማነው ሰው ነው» አሉ። ያኔ ወንበሬ ላይ ስቁነጠነጥ ያያችሁኝ ትኖራላችሁ። ጓድ መርጋ እዚህ የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት ስለሆነ አልሰሙም። እኔ ግን ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁትም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ፊት ቆሜ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1974 ነው። እኔ ያኔ የፊልም ኦፕሬተር ነበርኩ። የአዳራሹ ኃላፊ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነበረች። አዲሶቹ አታውቋትም። ይህ አዳራሽ የእህል መጋዘን ነበር። ጠርጋ፣ አግዳሚ ወንበር ለምና፣ መጋረጃውን በእጇ ሰፍታ ፊልም ቤት ያደረገችው እሷ ናት። እሑድ ከቀትር በኋላ እናቶች ፊልም እንዲያዩ የጀመረችውም እሷ ናት።

ፊልም የምንመርጠው ከአንድ ጋዜጣ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ምን ያደርግላችኋል? በአውቶቡስ ተጭኖ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርሰናል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት የፊልም ሃያስያን ይጽፉ ነበር። አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ይነቅፋል። አንዱ «ድንቅ» ያለውን ሌላው «ቆሻሻ» ይለዋል። በአንድም ፊልም ተስማምተው አያውቁም። እኛም ቢሮ ተቀምጠን ጽሑፋቸውን ጮክ ብለን እያነበብን እንከራከር ነበር። እንዴት ያሉ አዋቂዎች ናቸው እንል ነበር።

አንድ ቀን የመጀመሪያው ሃያሲ አንድን የህንድ ፊልም አመሰገነ። «የእናት ፍቅር እንዲህ ታይቶ አያውቅም፤ በተለይ እናትየው ስትዘፍንና ስትጨፍር ልብ ትሰርቃለች» ብሎ ጻፈ። ወሰንየለሽ ፊልሙን አስመጣች። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ አጭር ነው። በረሃብ ዘመን አንዲት ልብስ አጣቢ ከሁለት ልጆቿ አንዷን ለማታውቀው መንገደኛ ትሰጣለች። ያቺ ልጅ አድጋ የሀብታም ሚስት ትሆናለች። አንድ ቀን መኪናዋ ተበላሽቶ በዚያ ሰፈር ትቆምና ከእናቷ ደጅ ውሃ ትለምናለች። እናት ታውቃታለች። ልጅ አታውቃትም። እናት ማንነቷን ብትናገር የልጇ ትዳር ይፈርሳል። ስለዚህ ውሃውን ትሰጣታለች፤ ልጅ ጠጥታ፣ አመስግና ትሄዳለች። በዚሁ አለቀ።

እናትየው አንድም ቦታ ላይ አትዘፍንም። አትጨፍርምም። እኔና ወሰንየለሽ ይህን እያነሳን ስቀናል። «ኦቦ ቱፋ፣ ሰውየው ሌላ ፊልም ቤት ገብቶ ይሆናል» አለችኝ።

ሕዝቡ ግን! ኦቦ ፉፋ የሚባሉ የወንጪ ገበሬ በፈረስ መጥተው ነበር። አማርኛም ህንድኛም አይሰሙም። ሲያበቃ ወደ ፕሮጀክተሩ ክፍል መጥተው እጄን ያዙና «ኩን ዹጋዸ» አሉኝ። ይህ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። በፈረሳቸው ተመለሱ። እኔ ከዚያ የተሻለ ሂስ አንብቤ አላውቅም።

ፊልሙን ማሳየት በጀመርን በአሥረኛው ቀን ሁለተኛው ሃያሲ ጻፈ። «ይህ ፊልም ሰፊውን ሕዝብ የሚያደነዝዝ የአድኃሪ እንባ ነው። በመጨረሻ ሀብታሟ ልጅ ድሃ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ ጨቋኝና ተጨቋኝ እንዲታረቁ ይሰበካል» አለ። አቅፋ! እኔ ያን ፊልም አምስት ጊዜ አሳይቻለሁ። መተቃቀፍ የለም። እጃቸው እንኳን አይነካካም፤ እናትየው ጣሳውን መሬት ላይ ነው የምታስቀምጥላት።

ጋዜጣው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ዛሬ እዚህ አገር የለም። ጋዜጣውን እያውለበለበ «ይህን መርዝ ለአምቦ ሕዝብ ያቀረበው ማነው?» አለ። ወሰንየለሽ ተነሳች። «እኔ ነኝ። ግን ጓድ፣ ጽሑፉ የሚለው ነገር ፊልሙ ላይ የለም። እናትና ልጅ አይተቃቀፉም» አለች።

«ጋዜጣው ዋሸ ነው የምትይው?»

«ጸሐፊው ፊልሙን አላየውም ነው የምለው። ካላመኑኝ ኦፕሬተሩን ይጠይቁ።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሰብሳቢው «ጓድ ቱፋ፣ በመጨረሻ ይተቃቀፋሉ ወይስ አይተቃቀፉም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወሰንየለሽን አላየኋትም። ጋዜጣውን ነው ያየሁት። በዚያን ሰሞን በአንድ ቃል ሥራውን ያጣ፣ ከዚያም የከፋ የደረሰበት ሰው አውቃለሁ። አራት ልጆች ነበሩኝ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እሷም የምታስተዳድራቸው ነበሯት።

«ይተቃቀፋሉ» አልኩ።

«ያለቅሳሉ?»

«አዎ፣ ያለቅሳሉ።»

በሳምንቱ ወሰንየለሽ ከኃላፊነት ተነስታ እጃጂ ወደሚገኝ መጋዘን ተላከች። ደብዳቤዋ ላይ «በሐሰት የፕሬስን ክብር የነካች» ተብሎ ተጻፈ። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ጆንያ ስትመዘግብ ቆየች። በእሷ ወንበር ማን ተቀመጠ? እኔ! ዛሬ «የአዳራሹ ኃላፊ» ብላችሁ የምትሸኙት ሰው በዚያች በአንዲት «አዎ» ነው ኃላፊ የሆነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የፕሮጀክተር አምፖል ላመጣ አዲስ አበባ ተላክሁ። እግሬ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ወሰደኝ። ሁለቱን ሃያስያን ፈለግሁ። የት ያገኘኋቸው ይመስላችኋል? በአንድ ጠረጴዛ! ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ሰሃን ሳምቡሳ ይካፈላሉ። የነቀፈው በድሉ ይባላል፤ ወጣት፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«ያቺን የልብስ አጣቢዋን ፊልም አይተዋታል?» አልኩት።

«የትኛዋን?» አለኝ። ነገርኩት። ወደ ጓደኛው ዞሮ «አንተ ነህ ያየሃት?» ሲለው ያኛው «እኔማ ፖስተሯን ነው ያየሁት፤ ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ የምትጨፍር ትመስል ነበር» ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ ሳታዩ እንዴት ጻፋችሁ?»

በድሉ ታግሶ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ነገረኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ነገሩ በተራ ነው። አንድ ሳምንት እሱ ያመሰግናል፣ እኔ እነቅፋለሁ። በሚቀጥለው እንቀያየራለን። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ከጻፍን ማን ያነብበናል?»

በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት ከሥራዋ መነሳቷን ነገርኩት። ያዝናል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱ በራ። «አምቦ ድረስ እንነበባለን ማለት ነው?» አለኝ።

ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ገጽ አላነበብኩም። «ድንቅ» የሚለውንም «ቆሻሻ» የሚለውንም ቃል ሳይ ሁለት ሰዎች ሳምቡሳ ሲካፈሉ ይታየኛል።

ግን ወደ አምቦ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ነገር ገባኝ። እነዚያ ሰዎች ፊልሙን አላዩም። እኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከእኔና ከእነሱ ማን ይበልጥ ይቀፋል? ይህን አውቄም ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። ግለ ሂስ አድርጉ በተባልንበት ስብሰባ ሁሉ ስለ ማርፈድ ተናዝዣለሁ። ስለዚህ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት እጃጂ ሄድኩ። ወሰንየለሽ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ኦቦ ቱፋ፣ እዚህ ለእኔ አይንገሩኝ። እኔ ፊልሙን አውቀዋለሁ። የተናገሩት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይናገሩ።»

«እዚያ ብናገር ይቅር ትይኛለሽ?»

«እሱን ከተናገሩ በኋላ አስብበታለሁ» አለች። ገብታ ሥራዋን ቀጠለች።

ዛሬ መጥታለች። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አትዙሩ፣ ስለ እሷ ብላችሁ ተዉ። ወደ እኔ እዩ፤ ያን ቀንም ወደ እኔ ነበር የዞራችሁት።

ጸሐፊያችን ባየሽ፣ ያን ቀን ቃለ ጉባኤ የያዝሽው አንቺ ነሽ። አሁንም እስክሪብቶ ይዘሽ ከሆነ ጻፊ። እኔ ቱፋ ነገራ፣ ያን ፊልም አምስት ጊዜ በእጄ አሳይቻለሁ። እናትና ልጅ አይተቃቀፉም። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ያለችው በሙሉ እውነት ነው። እኔ ዋሽቻለሁ።

ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ ዛሬ ጠዋት ለጓድ መርጋ አስገብቻለሁ። ከእሷ ፋይል ያ ደብዳቤ እንዲወጣ፣ ነገ ክፍት የሚሆነው ወንበርም ለባለቤቱ እንዲመለስ ጠይቄያለሁ። ጓድ መርጋ «እናየዋለን» ብለውኛል። እንግዲህ «እናየዋለን» ማለታቸውን መቶ ሰው ሰምቷል።

ንግግሬ መራራ ከሆነባችሁ ይቅርታ። ሌላ ስንብት አላውቅበትም።

አሁን ልመርቃችሁ። እግዚአብሔር ጤናና እንጀራ አይንሳችሁ። ልጆቻችሁ ፈርተው የማይተኙበትን ዘመን ያሳያችሁ። ስትጠየቁ ያያችሁትን እንዳያችሁት የምትናገሩበት ልብ ይስጣችሁ፤ ለብቻዋ የቆመች ሴት ወደ እናንተ ስትዞርም ዓይናችሁን ከእሷ እንዳታሸሹ ይርዳችሁ። ለእኔ ያን አልሰጠኝም፤ ወይም ሰጥቶኝ አልወሰድኩትም። ለእናንተ ግን ይስጣችሁ።

ነጋቲ፣ ደህና ሁኑ።